ሴት ይገባበታል?

እናቴ ባሕር ዳር ከተማ ውስጥ፣ ከጣና ዳርቻ የአስር ደቂቃ መንገድ በማይሞላ ቤት ስድሳ ስምንት ዓመት ኖራለች። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት አንድም ደሴት ረግጣ አታውቅም ነበር።

ክብራን ገብርኤል ከከተማው ዳርቻ ቆመው ሲያዩት በእጅ የሚነካ ይመስላል። ሴት ግን አይገባበትም። የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብና የዐፄ ፋሲል አፅም ያረፈበት ዳጋ እስጢፋኖስም እንደዚያው ነው። አባቴ በሕይወት ሳለ ለንግሥ በጀልባ ሲሻገር እናቴ ስንቁን ቋጥራ እስከ ውሃው ትሸኘዋለች፤ ሲመለስ ጸበልና እምነት ይዞላት ይመጣል። እርስዋ ደሴቱን የምታውቀው በጀሪካን ነው ማለት ይቻላል። እንጦስ ኢየሱስን የመሰሉ ሴት የሚገባባቸው ደሴቶች እንዳሉ አጥታው አይደለም። እዚያ ያልሄደችው ውሃ ስለምትፈራ ነው። «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» የሚለውን ከአፏ የሰማሁትን ያህል የገዛ ስሜን የሰማሁ አይመስለኝም።

ስለዚህ ባለፈው ዓመት ክረምት እኛን ለመጠየቅ ሲያትል በመጣችበት ወቅት ባለቤቴ የባሕር ካርታውን ምግብ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ «እማማ፣ እርስዎም አብረውን ይሄዳሉ» ሲላት ዘወር ብዬ ሳህን ማጠብ ጀመርሁ። እምቢታዋን ላለማየት ነበር። እናቴ መነጽሯን አድርጋ ካርታውን ብዙ አየችው። ከዚያ ጣቷን ከአንዱ ደሴት ላይ አሳርፋ «ሴት ይገባበታል?» አለች።

አሥራ አራት ዓመት የሞላት ልጄ ሳቀች፤ ቀልድ መስሏታል። ቀልድ አለመሆኑን ሳስረዳት ሳቋን አቁማ «ለምን?» ብላ ጠየቀች። እናቴ በእርጋታ «ሥርዓቱ ነው» አለቻት። በድምፅዋ ቅሬታ አልነበረበትም። እኔ ግን ቅሬታ እንዳለኝ ያወቅሁት ያን ጊዜ ይመስለኛል፤ ሳህኑን ከሚገባው በላይ ስፈትገው ነበርና።

ባለቤቴ ያደገው አዲስ አበባ ቂርቆስ ነው። በልጅነቱ ያየው ትልቁ ውሃ የክረምት ጎርፍ ነበር። ሲያትል መሐል ከተማ ውስጥ ዩኒየን የሚባል ሐይቅ አለ፤ ዳርቻው ላይ የእንጨት ጀልባዎችን የሚጠብቅና ሰውን በሸራ መቅዘፍ የሚያስተምር ማዕከል ይገኛል። አንድ እሑድ ልጆቹን ለማዝናናት ወስዷቸው በዚያው ተለክፎ ቀረ። የእኛ ክረምት ለሲያትል በጋ ነው፤ አራት በጋ ተማረ፣ ፈተና ወሰደ፣ ማታ ማታ ሶፋ ላይ ተቀምጦ ቋጠሮ ይቋጥራል። በአምስተኛው በጋ ርዝመቷ አሥራ አንድ ሜትር የሆነች ባለ ሸራ ጀልባ ለአንድ ሳምንት ተከራየ። ዋጋውን አልጽፍም፤ እናቴ ይህን ጽሑፍ የሚያነብላት ሰው አታጣም።

የምንሄደው ወደ ሳን ሁዋን ደሴቶች ነበር። በዋሽንግተን ግዛት ሰሜን ምዕራብ ጥግ፣ በየብሱና በካናዳው ቫንኩቨር ደሴት መካከል የተበተኑ ናቸው። ስም የወጣላቸው ከመቶ ይበልጣሉ፤ መኪና የሚጭነው የመንግሥት መርከብ የሚቆመው ግን በአራቱ ብቻ ነው። ወደ ሌሎቹ የራስ ጀልባ ያስፈልጋል። ደሴቶቹ አንዱ ለአንዱ ስለሚከልሉ ከውቅያኖስ የሚመጣው ማዕበል ወደ ውስጥ አይዘልቅም። እናቴን ያሳመናት ይህ መከለል አልነበረም። ወሩ ነሐሴ፣ ጊዜው ጾመ ፍልሰታ ነበር። «ሱባኤዬን እዚያው እይዛለሁ፤ ከዚህ መኪና ጩኸት ይሻላል» ብላ ተነሣች። ጣና ላይ በፍልሰታ ሱባኤ ለመግባት ወደ ደሴት የሚሻገር ሰው ብዙ መሆኑን ልብ ያልሁት ቆይቶ ነው።

ስንቁን እርስዋ አዘጋጀች። ጀልባዋ ላይ ያለው ማቀዝቀዣ የጫማ ሳጥን ያህል ስለሆነ እንጀራ በሦስተኛው ቀን ይሻግታል። ስለዚህ ሳምንት ሙሉ እንጀራ እያደረቀች ድርቆሽ በከረጢት ሞላች። ሽሮ፣ በርበሬ፣ ዳቦ ቆሎ፣ በሶ፣ የተቆላ ሽምብራ። ዘማች ይሸኝ ይመስል ነበር። አሜሪካኖቹ መርከበኞች ለእንዲህ ዓይነት ጉዞ በፕላስቲክ የታሸገ ደረቅ ምግብ በውድ ይገዛሉ፤ ድርቆሽን የሚያህል የመንገድ ምግብ ግን እስካሁን አላየሁም። ሙቅ ውሃና ትንሽ ዘይት ካለ ምሳ ደረሰ ማለት ነው።

ከአናኮርተስ ወደብ ቅዳሜ ተነሣን። እናቴ ነጠላዋን ለብሳ፣ በላዩ ላይ ብርቱካናማውን የነፍስ አድን ጃኬት አጥብቃ፣ ውዳሴ ማርያም ይዛ ተቀመጠች። ሮዛሪዮ የሚባለውን የባሕር መተላለፊያ ስንይዝ ነፋሱ ሸራውን ሞላውና ጀልባዋ ወደ ግራ አጋደለች። እናቴ «ድንግል ማርያም!» ብላ በሁለት እጇ ያዘችኝ። ባለቤቴ ከመሪው ላይ ሆኖ ያስረዳ ጀመር፦ ከጀልባዋ ሆድ በታች የጠቅላላ ክብደቷን ሲሶ የሚያህል ብረት አለ፣ ስታጋድል ያ ብረት መልሶ ያቀናታል፣ አትገለበጥም። እናቴ በጥሞና ሰማችው። «ታዲያ የማትገለበጥ ከሆነ ለምን ታስፈራራናለች?» አለች። እስካሁን መልስ አላገኘንም።

እውነቱን ለመናገር በሸራ የሄድንበት ጊዜ ከግማሽ በታች ነው። እነዚህ ደሴቶች ከኦሊምፒክ ተራሮች ጀርባ ስላሉ ዝናብም ይቀንስባቸዋል፤ በበጋ ነፋሱም ብዙ ጊዜ ይሞታል። ባለቤቴ ሞተር ባስነሣ ቁጥር ፊቱ ይጠቁራል፣ የእናቴ ፊት ይፈካል።

የመጀመሪያውን ሌሊት ያደርነው በሎፔዝ ደሴት፣ ስፔንሰር ስፒት በሚባለው የአሸዋ ምላስ አጠገብ ነው። እዚያ መልሕቅ መጣል እንኳን አላስፈለገንም፤ ከባሕሩ ወለል ጋር በሰንሰለት የታሰሩ ተንሳፋፊዎች አሉ፣ ከአንዱ ገመድ ማሰር ነው። ከትንሿ የጎማ ጀልባ ወርዳ እናቴ አሸዋው ላይ ስትቆም ፎቶ ላነሣት ስልኬን አወጣሁ። አላየችኝም። ጫማዋን አውልቃ ነበር፣ እንደ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ።

በማግስቱ ሳይነጋ ቀሰቀሰችኝ። «ተነሺ፣ ውሃው ሄዷል።» ወጥቼ ባይ እውነትም ሄዷል። ማታ ጀልባ ያስቆምንበት ዳርቻ ርቆ ድንጋዩና አረንጓዴው የባሕር ሣር አግጦ ወጥቷል። ጣና በክረምት ይሞላል፣ በበጋ ይጎድላል፤ በአንድ ሌሊት መሸሽ የሚባል ነገር ግን አያውቅም። እዚህ ውሃው በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል፣ ልዩነቱም ሦስት ሜትር ሊደርስ ይችላል። በጠባቦቹ መተላለፊያዎች ላይ የሚፈጠረው ሞገደኛ ጅረት አንዳንዴ ከእኛ ጀልባ ፍጥነት ጋር ይወዳደራልና የጉዞው ሰዓት የሚወሰነው በእኛ ፍላጎት አይደለም። የሚጎትተው ጨረቃ መሆኑን ስነግራት እናቴ አልተደነቀችም። አባቷ ባሕረ ሐሳብ የሚቆጥሩ ሰው ነበሩ፤ አጽዋማትና በዓላት የሚወጡት በጨረቃ ስሌት መሆኑን ከልጅነቷ ታውቃለች። እኔን ግን እስካሁን የሚያስደንቀኝ ስሙ ነው። ከባሕር ርቀው ደጋ ላይ የኖሩ ሊቃውንት የጨረቃን ቆጠራ የሐሳብ ባሕር አሉት።

ጆንስ በምትባል ትንሽ ደሴት ለምሳ ቆምን። ሰው የማይፈሩ አጋዘኖች አሉባት፤ አንዷ መጥታ የእናቴን ነጠላ አሸተተች። ቅርፊቱ እየተላጠ ቀይ ገላው የሚታይ ማድሮና የሚባል ዛፍም ድንጋዩ ላይ ጎብጦ በቅሏል። ልጆቹ የኛን ባሕር ዛፍ ስለማያውቁ ምኑ እንዳሳቀን አልገባቸውም።

ስለ ጋሪሰን ወሽመጥ ግን ቶሎ ማለፍ አልችልም።

ወሽመጡ በሳን ሁዋን ደሴት ሰሜን ምዕራብ ጠርዝ ተሸሽጎ ያለ፣ ጥልቀት የሌለው፣ ጭቃ ወለል ያለው ጸጥተኛ ስፍራ ነው። ዳርቻው ላይ ነጭ የእንጨት ምሽግ፣ የአበባ ቅጥር፣ ረጅም የባንዲራ ምሰሶ አለ። ከምሰሶው ላይ የሚውለበለበው የእንግሊዝ ባንዲራ ነው፤ የሚሰቅሉትም የአሜሪካ ብሔራዊ ፓርክ ሠራተኞች ናቸው። ታሪኩ እንዲህ ነው። በ1846 እ.ኤ.አ. ሁለቱ መንግሥታት የተፈራረሙት ውል ድንበሩ በየብሱና በቫንኩቨር ደሴት መካከል ባለው መተላለፊያ ያልፋል ይላል። መተላለፊያዎቹ ግን ከአንድ በላይ ናቸው፤ ደሴቶቹም መሐል ላይ ቀሩ። በሰኔ 1859 አንድ አሜሪካዊ ሰፋሪ ድንች ማሳው ውስጥ የገባን አሳማ ተኩሶ ገደለ። አሳማው የእንግሊዝ ኩባንያ ንብረት ነበር። ወር ሁለት ወር ሳይሞላ በአንድ ወገን ከ400 በላይ የአሜሪካ ወታደሮች፣ በሌላ ወገን አምስት የእንግሊዝ የጦር መርከቦች ተፋጠጡ።

ማንም ሰው አልሞተም። ሁለቱም ወገን በደሴቱ ሁለት ጫፍ ሰፍረው ለአሥራ ሁለት ዓመት ተቀመጡ፤ በበዓል ቀን እየተጠራሩ ይጋበዙ ነበር ይባላል። ጉዳዩ ለጀርመኑ ንጉሠ ነገሥት ለቀዳማዊ ቪልሄልም ዳኝነት ተሰጠ፤ እርሳቸውም በጥቅምት 1872 ለአሜሪካ ፈረዱ።

ይህን ለእናቴ እየተረጎምሁ ሳለ አንድ ነገር ጉሮሮዬ ላይ ተሰነቀረ። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ወታደሮች በዚህ ወሽመጥ ዳር አበባ እየተከሉ ሳለ፣ በ1868 እ.ኤ.አ.፣ ያው መንግሥት 13,000 ያህል ጦር ወደ መቅደላ አዝምቶ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ መልስ አጥቶ ቀርቷል፤ እርሳቸውም ቆንስላውን አስረዋል። መጨረሻውን ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ብለን ሁላችንም እናውቀዋለን። ለአሳማው ዳኛ ተፈልጎለታል፣ ያውም ከበርሊን።

እናቴ «ለአሳማ ነው ይህ ሁሉ?» አለች። አዎን አልኋት። ከዛጎል ክምር የተሠራ የሚመስለውን ዳርቻ በእግሯ ገፋ ገፋ አደረገችው። እውነትም የዛጎል ክምር ነው፤ እንግሊዞቹ ከመምጣታቸው በፊት ለብዙ ዘመን እዚያ መንደር የነበራቸው የባሕር ዳርቻ ሳሊሽ ሕዝቦች በልተው የጣሉት ነው። ዳኛው ፍርዱን ሲሰጥ እነርሱን የጠየቀ አልነበረም።

በጋሪሰን መልሕቃችን በአንድ ውርወራ ጭቃውን ነክሶ ያዘ። ባለቤቴ ኮራ። ኩራቱ የቆየው እስከ ማግስቱ፣ ስቱዋርት ደሴት ላይ ሪድ ሃርበር እስክንደርስ ድረስ ነው።

ሪድ ሃርበር እንደ ጣት ረዝሞ ወደ ደሴቱ ሆድ የገባ፣ ግራና ቀኙ በጥድ የተከበበ ወሽመጥ ነው። ስንደርስ ሌሎች ሠላሳ የሚሆኑ ጀልባዎች ቀድመውናል፤ ሰዎቹ ወንበራቸውን አውጥተው ተቀምጠዋል። የተቀመጡት እኛን ለማየት ነው። መልሕቅ ሲጣል የሚጣሉ ባልና ሚስትን ማየት የዚህ ባሕር ቴያትር መሆኑን የሰማሁት በኋላ ነው። ሥራው በወሬ ቀላል ነው፦ ጥልቀቱን ትለካለህ፣ ውሃው ሲሞላ የሚጨመረውን ትደምራለህ፣ ያን በአራት ወይም በአምስት አባዝተህ ሰንሰለት ትለቃለህ፣ ከዚያ በሞተር ወደ ኋላ እየሳብህ መያዙን ታረጋግጣለህ። እኔ ፊት ሆኜ ሰንሰለት እለቃለሁ፣ እርሱ ኋላ ሆኖ ይነዳል። መሐላችን ላይ የሞተር ድምፅ አለ። እርሱ «በቃ» ሲል እኔ «ልቀቂ» ሰማሁ። መልሕቁ ተንሸራተተ፤ የአንድ ጡረተኛ ሰውዬ ጀልባ ልንነካ ስንል ሰውዬው ቡናውን ሳያስቀምጥ በእግሩ ገፋን። በሦስተኛው ሙከራ ያዘልን። በዚያ መካከል የተባባልነውን ነገር በአማርኛ በመናገራችን እግዚአብሔር ይመስገን፤ ከወሽመጡ ሰው ሁሉ የገባው ለእናቴ ብቻ ነው።

እርስዋም ሰምታ እንዳልሰማች ሆና ፊት ለፊት መጣች። ውሃው ጥርት ያለ ስለነበር ሰንሰለቱ ወደ ታች ሲወርድ ይታያል። «መልሕቅ ማለት ይህ ነው እንዴ?» አለች። ቃሉን ዕድሜዋን ሙሉ በስብከት ሰምታዋለች፤ ተስፋ የነፍስ መልሕቅ ነው ሲባል። የብረት ማረሻ የሚመስል፣ ጭቃ ውስጥ የሚቀበር ነገር መሆኑን ግን ማንም አላሳያትም ነበር። «እኔ የሚንጠለጠል ይመስለኝ ነበር» አለች።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሰዓት ነው ከጉዞው ሁሉ የምወደው። ሞተሩ ይጠፋል፣ ስልክ አይሠራም፣ የሚኬድበት የለም። ቤታችን እያንዳንዱ ልጅ የራሱ ክፍልና የራሱ የተዘጋ በር አለው። እዚህ ግን አምስት ሰው በአንድ ጠባብ ጠረጴዛ ዙሪያ ጉልበት ለጉልበት ተገናኝቶ የሽሮ ሽታ ያሸታል። ምድጃው ጀልባዋ ስትወዛወዝ እርሱ ቀጥ ብሎ እንዲቆም ተደርጎ የተንጠለጠለ ነው፤ እናቴ በሳምንቱ ውስጥ የፈረንጅን ጥበብ ያደነቀችው በዚህ ብቻ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ጾሟን ትፈታለች፣ እኛም ተሰብስበን እንጠብቃታለን። ልጆቹን ማንም አላዘዛቸውም።

በስቱዋርት ከ1893 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለመርከብ የሚያበራ ማማ ወዳለበት ወደ ተርን ፖይንት የሚወስድ የአፈር መንገድ አለ። በመንገዱ ዳር ባለቤት የሌለበት የእንጨት ሣጥን አገኘን። ውስጡ ቲሸርት ሞልቷል። የወደድኸውን ውሰድ፣ ገንዘቡን ቤትህ ስትደርስ በፖስታ ላክ ይላል ጽሑፉ። ልጄ አንድ መረጠች። እናቴ ግራና ቀኝ አየች፣ ከዛፎቹ ኋላ የሚጠብቅ ሰው ፈለገች። ከዚያ ከመቀነቷ ሃያ ዶላር ፈትታ ሣጥኑ ውስጥ ልታስቀምጥ ስትል ልጆቹ ከለከሏት። «በዱቤ ደሴት ላይ ዕቃ ወስጄ ልሞት ነው?» እያለች እስከ ማማው ድረስ አጉረመረመች። ሂሳቡን ከከፈልን በኋላ እንኳን ሦስት ጊዜ ጠይቃኛለች።

የመጨረሻዎቹን ሁለት ሌሊቶች ያሳለፍነው ሱሺያ ላይ ነው። ደሴቷ እንደ ፈረስ ኮቴ ክብ ሠርታ ወሽመጧን ታቅፋለች። ወንዱ ልጄ እዚህ ለመድረስ ሳምንቱን ሙሉ ቀን ሲቆጥር ነበር፤ በዋሽንግተን ግዛት የተገኘው የመጀመሪያው የዳይኖሰር አጥንት በ2012 እ.ኤ.አ. የተቆፈረው ከዚህ ዳርቻ ነው፣ 80 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ይሆነዋል። ልጄ ያገኘው የቀንድ አውጣ ዛጎል ነው። እናቴን የማረካት ሌላ ነገር ነበር። ደሴቷ ለግል መዝናኛ ልትሸጥ ትችላለች ተብሎ በተሰጋበት ጊዜ፣ በ1960 እ.ኤ.አ.፣ የአካባቢው የጀልባ ማኅበራት ገንዘብ አዋጥተው ገዟትና ለሕዝብ እንድትሆን ለመንግሥት ሰጧት። «እድር ናቸዋ» አለች። ከዚያ ወዲያ ከየጀልባው የሚወጣውን ሰው ሁሉ የእድር አባል እንደሆነ አድርጋ ጎንበስ እያለች ሰላምታ ትሰጥ ጀመር።

ከጎረቤት ጀልባም አንዲት ሴት የተቀቀለ ትልቅ ሸርጣን በሳህን ይዛልን መጣች። ጾሙ ባይኖርም እናቴ ያን የምትቀምስ ሰው አይደለችም፤ «ሸረሪት ነው» ብላ ፊቷን አዞረች። ስጦታ መመለስ ነውር ስለሆነ ግን ዳቦ ቆሎ በሳህኑ ሞልታ መልሳ ላከችላት። ወንዱ ልጄ ሳህኑን ለማድረስ ሄዶ አንድ ሰዓት ቆይቶ አፉን እየጠረገ ተመለሰ። አልጠየቅነውም።

የዚያን ሌሊት ጨረቃ አልነበረችም። ልጄ መቅዘፊያውን ውሃ ውስጥ ስትነክረው ውሃው አረንጓዴ ብርሃን ፈነጠቀ። በበጋ በዚህ ባሕር የሚበዙ በዓይን የማይታዩ ሕያዋን ናቸው፤ ሲነኩ ያበራሉ። ሁላችንም ጀልባዋ ጠርዝ ላይ ተኝተን እጃችንን ነከርን። እናቴ የነፍስ አድን ጃኬቷን አውልቃ እንደነበር ያየሁት ያኔ ነው። መቼ እንዳወለቀችው አላወቅሁም። ክንዷን እስከ ክርኗ አስገብታ ቀስ እያለች ታማስለው ነበር፣ ጠላ እንደሚያማስል ሰው።

ሲያትል በተመለስን በሁለተኛው ቀን ባሕር ዳር ላለችው ጎረቤቷ ስልክ ደወለች። እኔ ኩሽና ውስጥ ነበርሁ። አምስት ደሴት እንደረገጠች ነገረቻት። ስማቸውን ስትጠየቅ የእንግሊዝኛውን ስም አንዱንም አልያዘችውምና በራሷ ቆጠረችላት፦ ውሃው የሚሸሽበት፣ የአጋዘኗ፣ የአሳማው፣ የዱቤው፣ የእድሩ። ከወዲያ በኩል ጎረቤቷ ማን አስገባሽ ብላ የጠየቀቻት ይመስለኛል።

«ማንም አልጠየቀኝም» አለች እናቴ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ የሽንኩርትን ዋጋ ጠየቀች።